ከመዳፍ የተላሰ ጨው

ሸዋሉል ላሟን ታናግራለች። ይኼን አምባው ሁሉ ያውቃል፤ አንዳንዱም ይስቅባታል። ስቆ ሲያበቃ ደግሞ ወተት ሊገዛ ደጇ ይመጣል። እሷም ብትሆን ሰው ሰማኝ ብላ አታፍርም። «ከናንተ ይልቅ እሷ ትሰማኛለች» ትልና ማለቧን ትቀጥላለች። እውነቷን ነው። ጃኖ ሲያናግሯት ጆሮዋን ታዞራለች፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሌላ የሚሰማ ፍጥረት ከጠፋ ቆይቷል።

ግቢው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የሰፋሪ አምባዎች በአንዱ፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች መሐል ነው። ከጀርባው ቀርቀሃ፣ ከፊቱ ቀዩ ጥርጊያ መንገድ፣ በጎኑ የጎረቤቷ የሐኒ የማንጎ ዛፎች። ሸዋሉል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ስትመጣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ስለ ወሎ ከምታስታውሰው የሰማችው ይበልጣል፤ አነጋገሯ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም፣ «አንች» ስትል አገሯን ሳይጠይቁ ያውቁላታል። እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ደባልቄን አገባች፣ እዚሁ ቀበረችው። ወባ ነው የወሰደው። ሦስት ቀን ታሞ ሄደ ቢባል ማን ያምናል፤ እንደዚያ ያለ ቀርቀሃ በትከሻው ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው።

ጃኖን ከእናቷ ማህፀን ጎትቶ ያወጣት ደባልቄ ነው። ነጭ ሆና ሆዷ ላይ እንደ ጥለት ቀይ ስለዞረባት ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። አድጋ ወልዳ ስትታለብ ግን አላያትም። ጥጃዋ ተሸጦ እንኳ የሸዋሉልን ድምፅ ስትሰማ ወተቷን የምትለቅ ላም መሆኗን ሳያይ ሞተ። ይኼ ነገር ሸዋሉልን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አንድ ልጅ አላት። ዘመናይ ትባላለች፤ ሐዋሳ ነው ያገባችው። እሑድ እሑድ ትደውልና የምትለው አንድ ነው፤ «እማ፣ ያችን ላም ሸጠሽ ነይ። ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ሸዋሉል ሐዋሳን አንዴ አይታዋለች። የልጇ ቤት ንጹሕ ነው፣ አማቿም ጨዋ ነው። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ግን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ጉልበቷ ላይ አደረገችው፣ አነሳችው፣ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ዕቃ ላጥባ ብትል ሠራተኛዋ ነጠቀቻት። እንዲህ ዓይነት ኑሮ ደግሞ ኑሮ አይደለም አለች በሆዷ፤ ለልጇ ግን እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ሰበብ ፈለገች።

«ጃኖ እስከታለበች ድረስ የትም አልንቀሳቀስ። የነጠፈች ዕለት እመጣለሁ» ብላ ቃል ገባች።

ዘመናይም ቃሉን ያዘች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ከእናቷ ጤና በፊት የምትጠይቀው «ጃኖ ትታለባለች?» የሚለውን ሆነ።

ቃል ገብታ ሳትጨርስ ጣጣው መጣ። አንድ ጠዋት ስታልብ ከጃኖ የኋላ ጡት የወጣው ወተት እንደ እርጎ የተቋጠረ ነበር። ጡቱ ቀልቷል፣ ይፋጃል። ረግጣ የማታውቅ ላም ማለቢያውን በእርግጫ ብላ ገለበጠችው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ኤጀታ ተጠርቶ መጣ፤ የወለጋ ልጅ ነው፣ ሞተር ሳይክሉ እሱ ሳይደርስ ድምፁ ይደርሳል። በጡቷ ቀዳዳ መድኃኒት ጨመረላት፣ ወተቱ ለጊዜው እንዲደፋ አዘዘና ሄደ። ዳነች። ዝናብ ሲጀምር ተመለሰባት። ደግሞ ዳነች፤ ደግሞ በሌላው ጡት ተነሳባት። በመጨረሻ አንደኛው ጡት ጨርሶ ነጠፈ። ሸዋሉል የቀሩትን ባየች ቁጥር የሐዋሳው ሶፋ ይታያት ጀመር።

«ይኼ መድኃኒትህ ውኃ ነው እንዴ ዶክተር?» አለችው ኤጀታን በሚቀጥለው ሲመጣ።

«ዶክተር አይደለሁም አልኩ እኮ እትዬ ሸዋሉል።» እጁን እየታጠበ ሳቀ። «መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ግን ባክቴሪያ የትም አለ። ጭቃው ላይ አለ፣ እበቱ ላይ አለ፣ የእርስዎም እጅ ላይ አለ። መመለሱ አይቀርም። ሲመለስ መመከት ያለበት የላሟ አካል ራሱ ነው። የጃኖ አካል አቅም ያነሰው ይመስለኛል።»

«ምን አነሳት! ከአፌ ነጥቄ ነው የማበላት!»

«አብልተዋታል። ሣሩ ራሱ የጎደለው ነገር ካለስ?»

ከዚያ ቁጢጥ ብሎ አስረዳት። በላሟ ደም ውስጥ ነጫጭ ሕዋሳት አሉ፤ ባክቴሪያ ሲገባ ሄደው ይውጡታል። መዋጥ ብቻ ግን አይበቃም፣ ውጠው መግደል አለባቸው። ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ያነሰው ከብት ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን ይውጡና መግደሉ ያቅታቸዋል። ማዕድኑ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላሟ ነው የሚሄደው። ዝናብ ሲያጥበው የኖረ እንዲህ ያለ ቀይ አፈር ደግሞ ሊያንሰው ይችላል።

«እርግጡን ለማወቅ ደሟ መመርመር ነበረበት» አለ፤ «ላቦራቶሪው ሩቅ ሆነብን እንጂ። እንግዲህ እንሞክረው።»

«እህ፣ ጎርሰው የማይፈጩ ወታደሮች ናቸዋ ያሉኝ» አለች ሸዋሉል። ኤጀታ ይኼን አባባል ወደደውና ቀኑን ሙሉ በየግቢው ሲደግመው ዋለ።

በሳምንቱ ከአሶሳ ዱቄት የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ አመጣላት። ከቆርቆሮዋ ጋር ከሕፃናት ሽሮፕ የተረፈች የላስቲክ ማንኪያ ሰጣት። በቀን አንድ ማንኪያ፣ ያውም በአፏ ልክ የተስተካከለ፣ በኑግ ፋጉሎ ውስጥ በደንብ ተለውሶ፤ ሌላ የለም። እንደ ጨው አይደለም አላት፤ ከሚያስፈልገው እስከሚመርዘው ያለው መንገድ አጭር ነው። ማንኪያዋን ዓይኗ ሥር አድርጎ ደጋግሞ አሳያት። እሷም «ሰማሁ እኮ ልጄ» አለችው፤ መስማቱንስ ሰምታለች።

መጀመሪያ እንደታዘዘችው አደረገች። ለወሰች፣ በገንዳው አቀረበች፣ ጃኖ በላች። አንድ ጠዋት ግን ፋጉሎው አለቀ፤ የገበያው ቀን ገና ነው። መድኃኒቱ እንዳይስተጓጎል ብላ ማንኪያዋን መዳፏ ላይ ገለበጠች፣ ጥቂት ጨው ጨመረችበትና ለጃኖ ዘረጋችላት።

ጃኖ አሸተተች፤ ከዚያ ላሰች። ምላሷ ሻካራና ሙቅ ነው። መዳፏን ላሰች፣ የጣቶቿን መሐል ላሰች፣ ጨው ያልነካውን አንጓዋን ሁሉ ላሰች። ሸዋሉልን መጀመሪያ ኮረኮራትና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ እሷም እንደ ቆመች ቀረች። ደባልቄ ከሞተ ወዲህ እጇን ይህን ያህል ጊዜ የያዘላት ፍጥረት አልነበረም። ሰላምታ አለ፣ መጨባበጥ አለ፤ ሰው ግን ጨብጦ ይለቃል። ይቺ አልለቀቀችም።

በማግስቱ ፋጉሎው ተገዛ። መድኃኒቱ ግን ወደ ገንዳው አልተመለሰም፤ ከመዳፍ ሆነ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አንዱን ማንኪያ ለሁለት ብከፍለውስ፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ» አለች። ይኼ ምን ክፋት አለው? ምንም። ግማሹ ግን ግማሽ ሆኖ አልቆየም፤ መዳፏ ላይ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ጃኖም ቶሎ ጨርሳው ራሷን ትመልሳለች። ሸዋሉል ደግሞ የምትፈልገው ራሷን እንዳትመልስ ነው። ማንኪያዋ አንድ ቀን ጠፋች፤ አልፈለገቻትም። በጣቶቿ መቆንጠር ጀመረች። ጠዋት ቁንጥር፣ ማታ ቁንጥር፣ ከከፋት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ቁንጥር። የሚከፋት ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

ተራ ጨው ብቻ ብትሰጣትስ ኖሮ? ላሟ እኮ የምትወደው ጨውን ነው። ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሸዋሉል ግን ላም በጨው ብቻ ስታባብል የምትውል ቦዘኔ መባልን አትፈልግም፤ ለራሷም ቢሆን። መድኃኒት ስሰጥ ነው የምትለው ነገር ያስፈልጋታል። ብቸኝነት ያለ ምክንያት አይወጣም፤ ሥራ መስሎ ነው የሚወጣ።

ክፉው ነገር፣ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው። ክረምቱ ገፋ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፣ የጃኖ ጡት ግን አላበጠም። ከሦስቱ ጡቶቿ የሚወጣው ወተት ነጭና ጥሩ ሆነ። ከእሷ የሚገዙት ሻይ ቤቶችም መምህራንም ወተቷን አመሰገኑ። «ትታለባለች?» ስትል ዘመናይ፣ «ታጥለቀልቀኛለች!» ትላለች ሸዋሉል፤ በስልኩ ወዲያ ማዶ ልጇ ደስም ክፍትም ሲላት ይሰማታል። ኤጀታም ጡቷን እየዳበሰ ሲደሰት፣ «እኔ አላልኩም?» አለች፣ እሱ ያለውን የራሷ አድርጋ።

በዚያው ዕለት ነው የዋሸችው። ቆርቆሮዋ ከጊዜዋ በፊት አልቃለች። «ተደፋብኝ ልጄ፣ ዝናቡ ገባበት» አለችው። አመናት፤ ሌላ አመጣላት። ወጣት ነው፣ እናቱን የሚያህል ሰው በቆርቆሮ ዱቄት ይዋሻል ብሎ አያስብም።

መስከረም ሲጠባ የጃኖ ጭራ ሳሳ። ፀጉሩ በእጅ ሲነኩት እየመጣ ዝንብ እንኳ የማያባርር ሆነ። ሸዋሉል ዕድሜ ነው አለች። ከዚያ ሰኮናዋ ከፀጉሩ ሥር ዙሪያውን ተሰነጠቀ፤ ማነከስ ጀመረች። ድንጋይ ነው አለች። ከዚያ አንድ ጠዋት መዳፏን ልሳ ስትተነፍስባት ነጭ ሽንኩርት ሸተታት።

«ወይ ጉድ! የሐኒ ጓሮ ገብተሻል!» ብላ ጮኸችባት።

ሐኒ የበርታ ሴት ናት። የሁለቱን ግቢ የሚለየው የቀርቀሃ አጥር ነው፤ በአጥሩ ላይ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ደባልቄ የሞተ ጊዜ ሐኒ ገንፎ እያመጣች ስትመላለስ ሸዋሉል በር ላይ ነበር የምትቀበላት፤ ሳህኑን አጥባ በአጥሩ ትመልሳለች። «ግቢ» አላለቻትም። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅ፤ ሐዘን አንዳንዴ ሰውን እንዲህ ባለጌ ያደርጋል። ከዚያ ጊዜው አለፈና «ግቢ» ማለት አፍ የሚያስይዝ ነገር ሆነ።

አሁን ግን ይቅርታ መጠየቅ ግድ ነው። ዞራ በሐኒ በር ገባች።

«ሐኒ፣ ላሜ ነጭ ሽንኩርትሽን በልታብሻለች መሰለኝ። አንች እንዴት አልጮህሽብኝም?»

ሐኒ ማንጎ የምትሸከምበትን ቅርጫት አስቀመጠችና ጓሮዋን እጇን ዘርግታ አሳየቻት። አማርኛን በገበያ ነው የተማረችው፤ ለእሷ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። ሸዋሉል ደግሞ በዚህ ሁሉ ዘመን ጉርብትና የሐኒን ቋንቋ ከሰላምታ አልፋ አልተማረችም።

«የትኛው ሽንኩርት? ዘንድሮ ሽንኩርት አልዘራም እኔ። ወላሂ የለም። ላምህ በልቶ አይደለም። ላምህ ታሟል፤ እኔ ከአጥር አየሁት፣ እግሩ ያመዋል። ኤጀታን ጥራ።»

ሸዋሉል ደነገጠች። ከሰው ጓሮ ካልበላች ሽታው ከየት መጣ? መልሱን ያወቀችው ሐኒ በር ላይ ሳለች ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከዚያ እስከ ግቢዋ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እሷ ግን መዳፏን እያየች ቀስ ብላ ሄደችው።

ኤጀታ ተጠርቶ ሲመጣ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ፊቱ ተለወጠ። ጭራዋን አየ፣ ሰኮናዋን አነሳ፣ አፍንጫውን ወደ አፏ አስጠጋ።

«ስንት ነው የሚሰጧት እትዬ ሸዋሉል?»

«ቁንጥር።»

«ማንኪያዋስ?»

ዓይኗን ወደ ገንዳው አዞረች።

«ቆርቆሮዋን ያምጧት።»

አመጣች። ገለጥ አድርጎ አየ፤ ሁለተኛዋም ልታልቅ ምንም አልቀራትም። ኤጀታ ክዳኗን መልሶ ገጠመ።

«የመጀመሪያዋም አልተደፋችም ነበራ።»

«አልተደፋችም።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ! ማንኪያዋን ዓይንዎ ሥር አድርጌ! ይኼ ነገር ሲያንስ ለበሽታ ያጋልጣል፣ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ይመርዛል። ሽታው ከየት የመጣ ይመስልዎታል? መርዙን እየተነፈሰች ነው። ፀጉሯ የረገፈው፣ ሰኮናዋ የተሰነጠቀው...» ተቆጥቶ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለምን? ተሽሏት አልነበረም? ለምን ጨመሩባት?»

ሸዋሉል ሊዋሽ የሚችል ነገር ፈለገች፤ ብዙ ነበር። አላወቅኩም ማለት ይቻላል፣ ረሳሁ ማለት ይቻላል። ጃኖ በዚያ ሁሉ ሕመሟ መሐል አንገቷን ዘርግታ እጇን ትፈልጋለች።

«ትልሰኛለች» አለች። «እጄን ትልሰኛለች።»

ኤጀታ ዞር አለ። ሞተሩ ላይ ያለውን ቦርሳ ፈታ፣ መልሶ አሰረው። በኋላ ቆርቆሮዋን ቦርሳው ውስጥ ከተተና የሚደረገውን ነገራት። ዱቄቱ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ወተቷን ማንም አይጠጣም፤ ማድረቅ ነው የሚሻላት። መውጣት ስለማትችል ሣር ታጭዶ ይምጣላት፣ ፋጉሎ አጥብቃ ትብላ። ሰኮናው አድጎ ስንጥቁ ታች ወርዶ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ከተረፈች ትቆማለች። ትተርፋለች አላላትም፤ አትተርፍም ግን አላላትም።

ችግሩ ጃኖ ገንዳውን ረስታለች። ፋጉሎው ሲቀርብላት አታየውም፤ የምታየው የሸዋሉልን እጅ ነው። እጁን ካገኘች ትልሳለች፣ ምግቡን ትታ። ተራ ጨው እንኳ ብትይዝላት ያው ነው። «እርስዎ ካሉ አትበላም» አለ ኤጀታ በሚቀጥለው ሲመጣ፣ የጎድን አጥንቷ መታየት ሲጀምር። «ሌላ ሰው ያቅርብላት። እርስዎ እጅዎን አያሳዩዋት።»

ሌላ ሰው። ሸዋሉል በሐሳቧ አምባውን ዞረችው፤ ሰላም የምትለው ሰው ሞልቷል፣ ነይልኝ የምትለው ግን ጠፋ። በመጨረሻ እንደገና በሐኒ በር ገባች።

እሑድ ዘመናይ ደወለች። «ጃኖ ትታለባለች?»

«የለም። ነጥፋለች።»

ዘመናይ ትንፋሿን ሳበች። «እንግዲህ እማ...»

«ቃሌን አልረሳሁም። ያሳመምኳት ግን እኔ ነኝ ልጄ። በእግሯ ሳላቆማት የትም አልሄድ።»

«አንቺ? ምን አድርገሻት?»

ሸዋሉል ነገረቻት። ማንኪያዋን፣ ቁንጥሩን፣ ውሸቷን፣ የጃኖን ምላስ ሁሉ ነገረቻት። ዘመናይ ስልኩን ለመዝጋት የምትቸኩል ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አልዘጋችም። በመጨረሻ «እሺ እማ» አለች፤ ድምፁ የልቅሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሐኒ አንድ ጭነት ሣር በራሷ ተሸክማ በግቢው በር ገባች። «ግቢ» ያላት የለም፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። ሣሩን አወረደች፣ ፋጉሎውን በውኃ ለወሰች፣ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችና በቋንቋዋ አንድ ነገር እያለች የጃኖን አንገት መታ መታ አደረገች። ሸዋሉል ራቅ ብላ ማገሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ወትፋቸዋለች። ጃኖ አንገቷን ወደ እሷ ዘረጋች። ምላሷን አወጣች። ሸዋሉል አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗ ግን ሞላ። ጃኖ ጠበቀች፣ በአፍንጫዋ አየሩን አሸተተች፣ እንደገና ጠበቀች። ከዚያ ራሷን መለሰችና ገንዳው ውስጥ አስገባች።

«በላ!» አለች ሐኒ። «ኢንሻአላህ ይድናል። ነገም እመጣለሁ።»

ዞር ስትል ሸዋሉልን አየቻት፤ እንባዋንም የተወተፉትን እጆቿንም።

«እጅህ ምን ሆነ? አመመህ?»

ሐኒ መጣች፣ ነጠላውን ገለጠች፣ ቀኝ እጇን ጎትታ አወጣችውና መዳፉን ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው። ቁስል ፈልጋ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ፋጉሎ የነካው ጣቷ ሻካራና ሙቅ ነበር። የጣቶቹን መሐል አየች፣ አንጓውን አየች። ቁስል አላገኘችም።

ሸዋሉል እጇን አልነጠቀቻትም።